«የእግዜር ፈቃድ» በማን አፍ? የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሳንካና የተጠያቂነት ጥያቄ

ሰው ሳያጠፋ ጉዳት ሲደርስበት ምክንያቱን ከየት ይፈልግ የሚለው ጥያቄ በነገረ መለኮትም በፍልስፍናም የቆየ ነው፤ ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ግን ጉዳቱ ለመጥቀም ከተዘረጋ እጅ የመጣ እንደ ሆነ ነው። ማሳው በጎርፍ የተወሰደበት ገበሬ የሚከሰው ሰው የለውም፤ ሽፍታ ያቆሰለውም በዳዩን ያውቃል። ዓይኑ እንዲበራለት ፈቅዶ የተኛ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ቀድሞ የነበረችውን ጭላንጭል እንኳ ያጣ ሽማግሌ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ሐኪሙ ክፉ አላሰበበትም፤ ጉዳቱ ግን በሐኪሙ እጅ ደርሷል፤ ሽማግሌውም ከመተኛቱ በፊት ጸልዮአል። እንዲህ ባለ ጊዜ በጎጃም ደጋ ቀድሞ የሚሰማው መልስ «የእግዜር ፈቃድ ነው» የሚል ነው። ይህ ቃል በታማሚው አፍ እምነት ሲሆን፣ ምላጩን በያዘው ሰው አፍ ሽሽት ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ በታች የሚመረመረውም ይኸው ልዩነት ነው።

ነገሩን በደብረ ኤልያስ ማየት የሚገባበት ምክንያት አለ። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የሚገኘው፣ በደቡብ በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ይህ ወረዳ በቅኔ ጉባኤው የታወቀ፣ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለደበት አገር ነው። ትምህርት በቃል በሚጠናበት፣ ተማሪው ከመምህሩ አፍ በጆሮው በሚቀበልበት ሥርዓት የዓይን ብርሃን ማጣት ሰውን ከጉባኤ አያስወጣም፤ በጎጃም ተወልደው ገና በሕፃንነታቸው ብርሃናቸውን ያጡት አለቃ አያሌው ታምሩ የቤተ ክርስቲያኒቱ የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ ለመሆን መብቃታቸው ለዚህ በቂ ምስክር ነው። እንዲህ ያለው ባህል ዓይነ ስውርነትን የሰው ልጅ ፍጻሜ አድርጎ ስለማያይ ለማጽናናት ብርቱ ነው፤ በዚያው ልክ ግን ሊወገድ የሚችለውን ዓይነ ስውርነት ሊወገድ ከማይችለው ሳይለይ፣ ሁለቱንም በአንድ ትዕግሥት ተሸክሞ የመኖር ዝንባሌ አለው። ለቅኔ መምህሩ የሚቻለው ደግሞ ለገበሬው አይቻልም፤ የማያይ ሰው እርፍ አይጨብጥም፤ ባልቴቲቱን በበትር የሚመራው ልጅም ከትምህርት ገበታው የቀረ ልጅ ነው።

የዓይን ሞራ ግርዶሽ ከዓይን ብሌን በስተ ኋላ ተቀምጦ ብርሃንን የሚሰበስበው ጥርት ያለ ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ሕመም ነው። ዋናው ምክንያቱ ዕድሜ ሲሆን፣ የስኳር በሽታ፣ የዓይን አደጋና አንዳንድ መድኃኒቶችም ያፋጥኑታል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም 49.9 በመቶ የሚሆኑት ለዚህ የበቁት በሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል፤ የአማራን ክልል ክፉኛ ያጠቃው ትራኮማ እንኳ በዚህ ረገድ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ግርዶሹን የሚያሟሟ ጠብታም ሆነ ኪኒን የለም፤ መድኃኒቱ የደፈረሰውን አውጥቶ ሌላ መተካት ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪዬል በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ማውጣቱን አስተማረ፤ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ደግሞ በ1949 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ ሌንስ መትከልን ጀመረ። ሪድሊ ለዚህ የበቃው በጦርነቱ ጊዜ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ የተሰነቀረው የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይኑን ሳያስቆጣ መቆየቱን አስተውሎ ነው፤ ዛሬ ሚሊዮኖች የሚያዩበት ነገር ከሰው አካል ጉዳት የተቀዳ ዕውቀት መሆኑ ጉዳትንና ጥቅምን በቀላሉ መለየት ለሚፈልግ አሳቢ ምቹ አይደለም።

በኢትዮጵያ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ያለ ስፌት የሚገጥም አነስተኛ ቁስል በመክፈት የሚከናወነው ነው። ሐኪሙ ዓይኑን በመርፌ ካደነዘዘ በኋላ በነጩ የዓይን ክፍል በኩል ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር የሚሆን መተላለፊያ ይከፍታል፤ ሌንሱ የተቀመጠበትን ከረጢት የፊት ገጽ ይቀድዳል፤ የጠጠረውን እምብርት በዚያ መተላለፊያ ያወጣል፤ የቀረውን አጥቦ አዲሱን ሌንስ በባዶው ከረጢት ውስጥ ያሳርፋል። ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው በከረጢቱ የኋላ ገጽ ላይ ነው። ይህ ገጽ በመካከሉ 4 ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት ብቻ ያለው፣ ከአንዲት የራስ ፀጉር ከ10 እጥፍ በላይ የሚቀጥን ሽፋን ሲሆን፣ ከበስተ ኋላው የዓይኑን ጉድጓድ የሞላው፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ አካል አለ። ሽፋኑ የተቀደደ እንደ ሆነ ይህ ዝልግልግ አካል ወደ ፊት ይፈስሳል፤ የሌንሱ ቁራጭም ወደ ኋላ ሊሰምጥ ይችላል፤ በጥቂት ደቂቃ ያልቅ የነበረው ሥራ ይረዝማል፤ አዲሱ ሌንስ በቦታው ላይገባ፣ ለሌላ ቀን ወይም ለሌላ ሐኪም ሊተላለፍ ይችላል። የጉዳቱ ፍሬ ዘግይቶም ይታያል፤ የሬቲና፣ ማለትም ብርሃንን ወደ አንጎል መልእክት የሚለውጠው የኋለኛው የዓይን ክፍል፣ ማዕከሉ ሊያብጥ ወይም ሬቲናው ራሱ ከተጣበቀበት ሊላቀቅ፣ ዓይኑም ከሌላው ይልቅ ለኢንፌክሽን ሊጋለጥ ይችላል። በሠለጠኑ ማዕከላት እንኳ የኋላው ሽፋን ከ100 ዓይን በ1 ወይም በ2 ያህል ላይ ይቀደዳል፤ ገና በሚለማመድ እጅ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል።

ሌሎቹን ሳንካዎች በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። የዓይኑ የፊት መስታወት የሆነው ኮርኒያ ከሥራው ጫና የተነሣ ያብጣል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። በቀዶ ሕክምናው መካከል የሚፈነዳ የደም መፍሰስ እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚያገኝ ሲሆን፣ ካገኘ ግን ዓይኑን ሊያጠፋ ይችላል። በዓይን ውስጥ የሚነሣ ኢንፌክሽን በጥሩ ማዕከላት ከ1,000 ታካሚ በ1 ላይ እንኳ አይደርስም፤ ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሕመም፣ በመቅላትና በድንገት በሚጋረድ እይታ ይታወቃል፤ በሰዓታት ውስጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በዓይኑ ውስጥ ከተወጋ የመትረፍ ዕድል አለው፤ «ይሻለዋል» እየተባለ ከተቆየ ግን የለውም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የከረጢቱ የኋላ ሽፋን ሲደፈርስ ታካሚው ሞራው የተመለሰ ይመስለዋል፤ ይህ ግን በሌዘር ጨረር በጥቂት ደቂቃ የሚከፈት ነው። ስለዚህ ከእነዚህ አብዛኞቹ ቀኑ ካላለፈ የሚጠገኑ ናቸው፤ የሚጠገኑትም ታካሚው ከተመለሰ ብቻ ነው። ይህ ነጥብ የሕክምና ቢመስልም የነገረ መለኮቱ ጥያቄ ሁሉ የሚመለሰው ወደ እርሱ ነው።

ሳንካው ለምን በዚህ ሰው ላይ ደረሰ? የመጀመሪያው መልስ በአካሉ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። በኢትዮጵያ በሞራ ግርዶሽ ታካሚዎች ላይ በብዛት የሚታይ አንድ ሁኔታ አለ፤ በሌንሱና በብሌኑ ጠርዝ ላይ አመድ መሰል ብናኝ የሚጠራቀምበት ሲሆን፣ ከረጢቱን ወጥረው የሚይዙትን ክሮች ያላላል፤ ብሌኑም በጠብታ ሲከፈት በወጉ እንዳይሰፋ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ዓይን የሚቀድ ሐኪም ከሌላው ይልቅ የጠበበ በር፣ ከሌላውም የላላ ከረጢት ይገጥመዋል። ሁለተኛው መልስ መዘግየት ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ሰው ሌንሱ ጨርሶ እስኪነጣ ወይም እስኪጠቁር ቆይቶ ስለሚመጣ እምብርቱ ትልቅና ጠጣር ነው። ሦስተኛው የሐኪሙ ልምድ፣ የመሣሪያው ጥራትና በዕለቱ የተሰለፈው ሰው ብዛት ነው። ታካሚው ከእነዚህ አንዱንም አልመረጠም፤ ሐኪሙም የመረጠው ጥቂቱን ነው።

በሕዝቡ ዘንድ ግን «ለምን» የሚለው ጥያቄ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። አንዱ መልስ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚለው ሲሆን፣ ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዳልሆነ መምህራን ደጋግመው ይናገራሉ፤ የሰው ዕጣ በአርባ ቀኑ የተቆለፈ ከሆነ ነጻ ፈቃድም፣ ንስሐም፣ ጸሎትም ከንቱ ይሆናልና። ሌላው «ኃጢአቱ ነው» የሚለው ነው። ይኸኛው ከመጽሐፍ የተነሣ ስለሚመስል በቀላሉ አይጣልም። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፣ በመጻጉዕ፣ የሚነበበው ወንጌል ለ38 ዓመት የተኛውን ሰው ከፈወሰው በኋላ ጌታ ዳግመኛ እንዳይበድል ማስጠንቀቁን ይተርካል፤ ሰሚው ከዚህ በሽታ የኃጢአት ዋጋ ነው ብሎ ቢወጣ አይደንቅም። በዚያው በዮሐንስ ወንጌል በዘጠነኛው ምዕራፍ ግን ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ ሁለቱም አይደለም የሚል መልስ ያገኛሉ። ሁለቱ ምንባቦች አብረው ሲነበቡ የሚሰጡት ትምህርት ልከኛ ነው፤ ኃጢአትና ሕመም በአንድ ሰው ሕይወት ሊገናኙ ይችላሉ፤ መገናኘታቸውን የሚያውቀው ግን ፈዋሹ እንጂ ከዳር ቆሞ የሚያይ ሰው አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ጥፋትም ይኸው ነበር፤ ስለ እግዚአብሔር የተናገሩት አብዛኛው ነገር በአጠቃላይ ትምህርትነቱ ደህና ሳለ በዚያ ሰው ላይ መፍረዳቸው አሳታቸው።

ለተያዘው ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦቢት ዓይኑ የጠፋው ወድቆ የተገኘን የወገኑን ሬሳ በቀበረበት ሌሊት፣ ማለትም በጽድቅ ሥራው ማግሥት፣ የወፍ ኩስ በዓይኑ ላይ ወድቆ ነጭ ነገር ስለ ጋረደው ነው። ወደ ሐኪሞች ሄደ፤ አልፈወሱትም፤ በአንደኛው ጥንታዊ የግሪክ ቅጂማ ሐኪሞቹ መድኃኒት በቀቡት ቁጥር ብሶበት ፈጽሞ እንደ ጠፋ ተጽፏል። ይህ ግልጽ የሕክምና ጉዳት ታሪክ ነው። ሚስቱ ሐና በተጣሉ ጊዜ ያ ሁሉ ምጽዋትህና ጽድቅህ የት አለ ብላ የተናገረችው የሰፈር ሰው ዛሬም በታማሚ ላይ የሚናገረው ነው። ቆይቶ ፈውሱ ሲመጣ በመልአኩ በቅዱስ ሩፋኤል ምክር፣ በልጁ በጦብያ እጅ፣ በዓሣ ሐሞት ይመጣል፤ ነጩም ነገር ከዓይኑ ጠርዝ ተልጦ ይወድቃል። መልአኩ ራሱ ሊፈውስ ሲችል መድኃኒቱን አሳይቶ እጁን ለሰው መተዉ፣ ታሪኩን ለሚያሰላስል ሰው ትልቁ ቁም ነገር ነው። ምክሩ የሰማይ ሆኖ እጁ የሰው ከሆነ፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ሲንቀጠቀጥም የተንቀጠቀጠው እጅ እንጂ ምክሩ አይደለም።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም እንዲከበር የሚያዝዘው እግዚአብሔር ስለ ፈጠረው ነው፤ ከዚያው ጋር ሐኪሞችም ሥራቸው እንዲቀናላቸው ወደ ጌታ እንደሚጸልዩ ይናገራል። የሐኪም ጸሎት ትርጉም የሚኖረው ሥራው ላይቀና የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያንም በቅርብ ዘመን ይህን በግልጽ የተናገረችበት ጊዜ አለ፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል፤ ይህም እምነትና መድኃኒት አንዱ ሌላውን እንደማያፈርስ በአደባባይ የተሰጠ ምስክርነት ሆኗል።

የምዕራቡ ፍልስፍና ለዚህ ችግር ያለው መሣሪያ ሌላ ነው። በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል በ1976 እ.ኤ.አ. ባቀረቧቸው ጽሑፎች «ሥነ ምግባራዊ ዕድል» የሚባለውን ሐሳብ አንሥተዋል፤ ይህም ሰው በእጁ ባልነበረ ነገር ምክንያት ሲመሰገን ወይም ሲወቀስ የሚታይበት ሁኔታ ነው። ሁለት ሐኪሞች በአንድ ጥንቃቄ፣ በአንድ ዓይነት ስልት ሲሠሩ የአንዱ ታካሚ ከረጢት ክሩ የላላ ሆኖ ቢቀደድ፣ ዕርምጃቸው አንድ ሳለ ፍሬው ይለያያል፤ ሰውም የሚፈርደው በፍሬው ነው። ዊልያምስ ከዚህ ጋር የጠቀሰው ሹፌር አለ፤ ያለ ጥፋቱ ሕፃን የገጨ ሰው፣ ጥፋት የለብህም ተብሎ ወዲያው ልቡ ቢያርፍ በሰውነቱ አንዳች የጎደለ ነገር እንዳለ እንጠረጥራለን ይላል። ይህ ምልከታ ትክክል ነው፤ በኢትዮጵያ ሥርዓትም እንግዳ አይደለም፤ ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው ካሣ ከፍሎ ዕርቅ የሚወርደው በደለኛ ስለ ሆነ ሳይሆን ነገሩ በእጁ ስላለፈ ነው። በዚህ መመዘኛ የሐኪሙ ዕዳ ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ የሚጠብቅ አይደለም። ነገሩን ለታካሚው መንገር፣ እስኪያገግም መከታተል፣ ራሱ የማይችለውን ወደሚችል መላክ በእጁ ስላለፈ ብቻ የሚወድቁበት ግዴታዎች ናቸው።

«የእግዜር ፈቃድ ነው» የሚለው ቃል የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው። ታካሚው ሲናገረው ሊለውጠው የማይችለውን ነገር ለሚበልጠው አደራ መስጠቱ ነው፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም፤ ፍልስፍናም በምትኩ የምትሰጠው የተሻለ ነገር የላትም። ሐኪሙ ወይም ተቋሙ ሲናገረው ግን የራሱን ሒሳብ በሌላ ስም መክፈሉ ነው፤ ምላጩ መዶልዶሙን፣ የማጉያው መብራት መድከሙን፣ በዕለቱ ከአቅም በላይ ሰው መሰለፉን ሁሉ በአንድ የተቀደሰ ቃል ይሸፍነዋል። ቃሉ ከተነገረ በኋላ የሚቀጥል ጥያቄ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር የሚጠይቅ አይኖርም። በነጻ በሚሰጥ የዘመቻ ሕክምና ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ በነጻ የተደረገለትን ነገር መውቀስ ነውር ነውና።

የቃሉ አነጋገር በማገገም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ረቂቅ አይደለም። የዓይኑ ፋሻ በማግሥቱ ሲነሣ የጤና ባለሙያው ጣቱን አንሥቶ «ይህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጣት መቁጠር የእይታ መለኪያ ነውና። መቁጠር ያቃተው ሰው በዚያች ቅጽበት የሚሰማው ማብራሪያ የሚቀጥሉትን ሳምንታት ይወስናል። ኮርኒያው ስላበጠ ነው፣ ጠብታውን ያለ ማቋረጥ አድርግ፣ በዚህ ቀን ተመለስ ከተባለ ይመለሳል። ዝም ከተባለ፣ ወይም ፈቃዱ ነው ከተባለ፣ ፍርድ እንደ ተፈረደበት ተረድቶ ወደ ደብረ ኤልያስ ይገባል፤ የተፈረደበት ሰው ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። ሬቲናው ሲላቀቅ ወይም ዓይኑ ሲያመረቅዝ በዚያው በቤቱ ሆኖ ይታገሣል፤ ከዚያም ሊድን የሚችለው ዓይን በእርግጥ ይጠፋል፤ ፈቃድ ተብሎ የተነገረው በመነገሩ ምክንያት ይፈጸማል። መንገድ በሚዘጋበትና መጓጓዣ በሚጠፋበት ጊዜ ለመመለስ የሚያስፈልገው ብርታት እጥፍ ስለሆነ አንድ ቃል ያንን ብርታት ለመስበር ይበቃል።

የእምነት ሥርዓትና የማገገም ሥርዓት ፊት ለፊት የሚገናኙባቸው ጥቂት ነገሮችም አሉ። ቁስሉ እስኪገጥም ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ውኃ ወደ ዓይን እንዳይገባ ስለሚያስፈልግ ጸበል በፊት ላይ መረጨት ሊጎዳ ይችላል፤ አጎንብሶ መስገድና ከባድ ነገር ማንሣትም የሚከለከሉ ናቸው፤ ዓይንን በነጠላ ጫፍ መጥረግም እንዲሁ። ይህን የጤና ባለሙያ ብቻ ሲናገረው ሃይማኖትን እንደ መከልከል ሊሰማ ይችላል፤ የንስሐ አባት ሲናገረው ግን ቀኖና ይሆናል። ለዚህ አዲስ ሕግ መፍጠር አያስፈልግም፤ ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነጻ እንደሚያደርግ የሚያውቅ ካህን ለጥቂት ሳምንት ስግደትን በጸሎት መለወጥ፣ ጸበልን በመጠጣት ማድረግ አይቸግረውም። ጠብታ ጾም ይገድፋል ብለው የሚሰጉትንም በአንድ ቃል ያሳርፋቸዋል።

ወንጌላዊው ማርቆስ በስምንተኛው ምዕራፉ የተረከው የቤተ ሳይዳው ዕውር ታሪክ ከዚህ ጋር ሊታሰብ ይገባዋል። ጌታ እጁን ከጫነበት በኋላ ምን እንደሚያይ ጠየቀው፤ ሰውዬው ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ እንደሚያይ ተናገረ፤ ጌታም ዳግመኛ እጁን ጭኖበት አጥርቶ አየ። ተርጓሚዎች ለዚህ በደረጃ ለመጣ ፈውስ ልዩ ልዩ ምሥጢር ይሰጣሉ። ለተያዘው ጉዳይ የሚጠቅመው ግን በታሪኩ ላይ የሚታየው ሥርዓት ነው፤ ፈዋሹ ውጤቱን ጠየቀ፤ የተፈወሰው ሰው ሳያፍር ያየውን በትክክል ተናገረ፤ ጉድለቱም እንደ እምነት ማነስ አልተቆጠረበትም፤ ሥራውም ተደገመ። ለሐኪሙ ደስታ ብሎ ያላየውን አየሁ የሚል ታካሚ፣ ምስጋና ሰምቶ ሳይለካ የሚያሰናብት ሐኪምም፣ ሁለቱም ከዚህ ሥርዓት ወጥተዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ እይታቸው ደካማ ሆኖ የሚቀሩት ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ይጠይቃል፤ ይህንን ማወቅ የሚቻለው ደግሞ ተቋሙ ያበራቸውን ብቻ ሳይሆን ያልበሩትንም መዝግቦ የቆጠረ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ ከኑዛዜ ጋር ቅርበት አለው። ኑዛዜ በጥቅሉ «በድያለሁ» ማለት ሳይሆን የሆነውን በስሙ መጥራት ነው፤ የመዝገቡም ጠባይ እንዲሁ ነው፤ የኋላው ሽፋን ተቀደደ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ በየትኛው እጅ፣ ምን ተደረገ ይላል። ኑዛዜ በአደባባይ እንደማይሆን ሐኪሞችም ስሕተታቸውን በዝግ ጉባኤያቸው ቢመረምሩት ተገቢ ነው፤ ክስን የሚፈራ ሰው እውነቱን አይጽፍምና። ምስስሉ የሚፈርሰው በአንድ ቦታ ነው፤ ኑዛዜን የሚሰማው ካህን ምሥጢሩን ይዞ ሊቀር ግድ ሲሆን፣ በዓይኑ ላይ የሆነው ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የታካሚው ነው፤ ማንም ሊሰውርበት ሥልጣን የለውም።